ምስክሩም ባለጉዳዩም አንድ ሲሆን፦ ድርጅት ስለራሱ የሚያወጣው ዜና መቼ ይታመናል?

ድርጅት ስለራሱ የሚያወጣው ዜና ገና ከመወለዱ ተጠርጣሪ ነው። ጸሐፊው ደመወዝ የሚከፈለው ዜናው ከሚነገርለት ድርጅት ነው፤ አርታኢው ተጠሪነቱ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ነው፤ ደስ የሚያሰኘው ወሬ ፎቶ ታክሎበት በሰዓቱ ይወጣል፣ የማያስደስተው «ይጣራ» ተብሎ ያድራል። አንባቢም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለቀበሮ ምስክሯ ጭራዋ እንዲሉ፣ ባንክ ስለ ጥንካሬው ወይም አየር መንገድ ስለ ደኅንነቱ ሲናገር ሰሚው ቃሉን የሚቀበለው ቀንሶ ነው።

እንዲህም ሆኖ ድርጅቶች በራሳቸው አፍ ለመናገር ያላቸው ፍላጎት ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አልታየም። የአሜሪካው የእርሻ መሣሪያ አምራች ጆን ዲር «ዘ ፈሮው» የተባለውን የገበሬዎች መጽሔት በ1895 ጀምሮ እስከ ዛሬ ያሳትማል። የፈረንሳዩ ጎማ ፋብሪካ ሚሽለን በ1900 በነጻ ያደለው የባለመኪኖች መመሪያ ዛሬ ታላላቅ ምግብ ቤቶች የሚፈሩት ዳኛ ሆኗል። አሁን ደግሞ ድረ ገጽ፣ የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል የሌለው ድርጅት የለም ማለት ይቻላል። ጋዜጠኛ ደጅ ሳይጠና፣ ለአየር ሰዓት ሳይከፍል፣ ዜናውን በፈለገው ጊዜ ያወጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ የአንባቢው ወገን ነው። ጸሐፊው ባለጉዳይ መሆኑን እያወቀ አንዳንዱን ለምን ያምናል? የሕዝብ ግንኙነት ሥልጠናዎች ለዚህ የተለመደ መልስ አላቸው፦ ቋንቋችሁን ቅለል አድርጉት፣ ቶሎ ቶሎ ጻፉ፣ ፎቶ ጨምሩ። ከታች የማነሣቸው አጋጣሚዎች ይህን መልስ እምብዛም አይደግፉም። የሚያሳዩት፣ የድርጅት ቃል የሚታመነው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ተናጋሪውን በሚያጋልጥበት፣ እውነት ሆኖም ተናጋሪውን በሚያስከፍልበት መጠን መሆኑን ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከጥቅሙ በተቃራኒ የሚናገር

ሐሳቡ በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ቆየት ያለ መሠረት አለው። ኢሌን ዋልስተር፣ ኤሊየት አሮንሰንና ዳርሲ ኤብራሃምስ በ1966 ባሳተሙት ጥናት አንድ የተፈረደበት ወንጀለኛ ስለ ፍርድ ቤቶችና ስለ ዓቃብያነ ሕግ ሥልጣን የሰጠውን አስተያየት ለተሳታፊዎች አቀረቡ። ወንጀለኛው የፍትሕ አካላት ሥልጣን ይቀነስ ሲል ማንም አልሰማውም። ሥልጣናቸው ይጠንክር ሲል ግን፣ ማለትም ራሱን በሚጎዳ ነገር ላይ ሲመሰክር፣ የብዙዎችን አመለካከት ለወጠ። ሰውየው ያው ሰው ነው፤ የሚናቅ ምንጭ መሆኑም አልተቀየረም። የተለወጠው በንግግሩና በጥቅሙ መካከል ያለው አቅጣጫ ነው።

ይህን ወደ ድርጅቶች የወሰዱት ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ላውራ አርፓንና ዴቪድ ሮስኮስ-ኤዎልድሰን በ2005 እንዳሳዩት፣ በችግር ጊዜ መጥፎውን ዜና ሌላ ሰው ከማውጣቱ በፊት ራሱ ያወጣ ድርጅት ከተቀደመው ድርጅት የተሻለ ተዓማኒነት ያገኛል። ግኝቱ በተለያዩ ጥናቶች ተደጋግሞ ታይቷል። የሚገርመው ግን የድርጅት ኃላፊዎች ይህን በሥልጠና አዳራሽ ሰምተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ችግሩ በመጣ ዕለት ተቃራኒውን የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ አለማወቅ አይደለም። መጥፎ ዜናን ማውጣት የሚያስከፍለው ዋጋ ዛሬ፣ በአንድ በታወቀ ኃላፊ ስም ይመዘገባል፤ ዝምታ የሚያስከፍለው ግን ቀስ እያለ በድርጅቱ ሁሉ ላይ ስለሚበተን ለማንም አይቆጠርም።

አንድ ሰው፣ ሁለት መግለጫ

የዘመናዊው የድርጅት መግለጫ አባት ከሚባሉት አንዱ የቀድሞው ጋዜጠኛ አይቪ ሊ ነው። በ1906 የድንጋይ ከሰል ባለሀብቶች የሠራተኞች አድማ ሲያስጨንቃቸው ቀጠሩት። እርሱም ለጋዜጦች የሥራ መርሆዎቹን ጽፎ ላከ፦ ሥራችን በግልጽ የሚሠራ ነው፣ የምንልከው ዜና እንጂ ማስታወቂያ አይደለም፣ የነገርናችሁን ማጣራት የሚፈልግ ጋዜጠኛ ካለ እንረዳዋለን የሚል መንፈስ ያለው ሰነድ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 28 ቀን አትላንቲክ ሲቲ አቅራቢያ የፔንሲልቫኒያ ምድር ባቡር እኅት ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ውኃ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የባቡር ኩባንያዎች ልማድ አደጋን መሸፈን፣ ጋዜጠኛን ከቦታው ማራቅ ነበር። ሊ ኩባንያውን የመከረው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ዘጋቢዎች ወደ አደጋው ቦታ ይሂዱ፣ የሆነው ነገር ተጽፎ ይሰጣቸው አለ። የሙያው ታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው የፕሬስ መግለጫ የሚሉት ያንን ወረቀት ነው።

ስምንት ዓመት እንለፍ። ሚያዝያ 20 ቀን 1914 በኮሎራዶ ግዛት በሉድሎ የአድመኛ ማዕድን ሠራተኞች የድንኳን ሰፈር ተተኩሶበት፣ ተቃጥሎም፣ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸው ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። የማዕድን ኩባንያው ዋና ባለድርሻ ታናሹ ጆን ዲ. ሮክፌለር ነበርና አይቪ ሊን ቀጠረ። ሊ በየጊዜው የሚወጡ በራሪ ጽሑፎችን አዘጋጅቶ በመላ አገሪቱ ላሉ አስተያየታቸው ለሚሰማ ሰዎች ላከ። ርእሳቸው ስለ «እውነታው» የሚል ነው፤ ይዘታቸው ግን ስሕተት የሞላበት ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ መሪዎች ዓመታዊ ክፍያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተቀበሉት ተደርጎ ተጻፈ። ጉዳዩን የመረመረው የፌዴራል ኮሚሽን በ1915 ሊን ጠርቶ ሲጠይቀው፣ የኩባንያው ኃላፊዎች የነገሩትን ሳያጣራ እንዳወጣው አመነ። ደራሲው አፕተን ሲንክሌርም «መርዛማው አይቪ» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ቅጽሉ እስከ ዛሬ ከስሙ አልተላቀቀም።

ሁለቱን መግለጫዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ያስተምራል። ጸሐፊው አንድ፣ ችሎታው አንድ፣ የመርሆ ሰነዱም ያው ነው። በባቡሩ አደጋ ጊዜ ግን ዘጋቢዎቹ ቦታው ላይ ቆመው የተጻፈውን ከሚያዩት ጋር ማመሳከር ይችሉ ነበር። በሉድሎ ጊዜ ጽሑፉ የተላከው ከኮሎራዶ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ለሚኖሩ፣ የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ አይተው ለማያውቁ ሰዎች ነው። ሊ በ1906 ከ1914 ይልቅ ቅን ሰው ነበር ለማለት የሚያበቃ ነገር የለኝም። የሚታየኝ፣ የሚያመሳክር አንባቢ በነበረበት ጊዜ እውነት መጻፉ፣ ባልነበረበት ጊዜ ደግሞ የታዘዘውን መጻፉ ነው።

ስም ሳይጠራ ጥፋትን መዘርዘር

በእኛ ዘመን ይህ ነገር እጅግ ጠርቶ የታየው በሶፍትዌር ኩባንያዎች ዘንድ ነው። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ፣ የፕሮግራመሮችን ሥራ በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ጊትላብ የተባለ ኩባንያ አገልግሎቱ እየተንገጫገጨ ነበር። ዋናው ዳታቤዝ ጫና በዝቶበት፣ ከእርሱ እየቀዳ የሚከተለው ሁለተኛው ሰርቨር ወደ ኋላ ቀርቷል። አንድ ኢንጂነር ሁለተኛውን ባዶ አድርጎ እንደገና እንዲቀዳ ሊያደርገው ፈለገና የማጥፊያውን ትእዛዝ ሰጠ። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ትእዛዙን የሰጠው ለዋናው ሰርቨር መሆኑ ገባው። ወዲያው ቢያቋርጠውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር።

እስከዚህ ድረስ የየትኛውም ድርጅት የአይቲ ክፍል ታሪክ ነው። ልዩ የሚያደርገው ቀጥሎ የመጣው ነው። ኩባንያው የማስተካከያ ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ፤ ኢንጂነሮቹ የሚጽፉትን የሥራ ማስታወሻም ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፈተው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ፋይል ሲገለበጥ ተመለከቱ። በማግሥቱ የወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከባዱን ነገር በግልጽ አሰፈረው፦ ከነበሩን አምስት የባክአፕና የቅጂ ዘዴዎች አንዱም በአስተማማኝ ሁኔታ አልሠራም ወይም ከመነሻው በትክክል አልተዘረጋም።

ከቀናት በኋላ በየካቲት የወጣው ረዘም ያለ ዘገባ የእያንዳንዱን ዘዴ ውድቀት ለየብቻ ይናገራል። በየዕለቱ መቀመጥ የነበረበት ቅጂ የሚቀመጥበት ማከማቻ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቅጂውን የሚሠራው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይጣጣም የቆየ እትም ስለነበር ሥራው በየቀኑ ይከሽፍ ነበር። ክሽፈቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም፣ ላኪው በአግባቡ ስላልተረጋገጠ፣ በተቀባዩ ሰርቨር እየተመለሰ ለማንም አይደርስም ነበር። ከጥፋቱ 6 ሰዓት ገደማ በፊት አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ባይኖር ኖሮ የጠፋው እጅግ ይበዛ ነበር። በመጨረሻ ወደ 5,000 ፕሮጀክቶች፣ 5,000 አስተያየቶችና 700 አዲስ የተጠቃሚ ምዝገባዎች እንደጠፉ ተቆጥሮ ተነገረ።

በዚያ ዘገባ ውስጥ ትእዛዙን የሰጠው ኢንጂነር ስም የለም። እያንዳንዱ ጉድለት ግን ቁጥር ተሰጥቶት፣ ይስተካከላል የተባለው ሥራ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ተይዞ፣ ማንም እየገባ ተሠራ ወይስ አልተሠራም ብሎ እንዲያይ ተደርጓል። ለእኔ የዘገባው ጥንካሬ ያለው ከይቅርታው ይልቅ በዚህ መዝገብ ላይ ነው። ይቅርታ ርካሽ ነው፤ ክፍት መዝገብ ግን ከሦስት ወር በኋላም «ይህ ለምን አልተሠራም?» ብሎ የሚጠይቅ ያመጣል።

ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያም ሐምሌ 2 ቀን 2019 በዓለም ዙሪያ በርካታ ድረ ገጾችን ለ27 ደቂቃ ያህል ያቋረጠው ስሕተት ከአንዲት የደኅንነት መቆጣጠሪያ ደንብ እንደመጣ ሲያስረዳ የደንቧን አጻጻፍ ቃል በቃል አትሞ አውጥቷል፤ ባለሙያ የሆነ ሰው ሁሉ ራሱ ሞክሮ የኮምፒውተሩን አቅም እንዴት እንደምትጨርስ ማየት ይችል ነበር። የእነዚህ ኩባንያዎች አንባቢ ራሱ ኢንጂነር ነው። የማይረባ ማብራሪያ ቢሰጡት በአንድ ሰዓት ውስጥ ገልጦ ያሳያቸዋል። ግልጽነታቸውን በባለቤቶቹ ቅንነት ብቻ መተርጎም የዋህነት ነው፤ ከሊ የባቡር አደጋ ዘጋቢዎች ጋር የሚመሳሰለው ነገርም ይህ ነው።

ኑዛዜም ቢሆን ስልት ሊሆን ይችላል። ትንሽዋን ጥፋት በትልቅ ድምፅ አምኖ ትልቋን የሚሸፍን ድርጅት ሞልቷል። ኮምፒውተር ሻጩ ዴል በ2006 የራሱን ገጽ ሲከፍት ተቺዎች ያፌዙበት በዚህ ጥርጣሬ ነበር። ኩባንያው ግን ጃፓን ውስጥ በእሳት ተያይዞ ፎቶው ዓለምን ስላዳረሰው ላፕቶፑ በዚያው ገጽ አነሣ፤ በነሐሴ ወር ደግሞ 4.1 ሚሊዮን ባትሪዎችን ለመሰብሰብ መወሰኑ ተነገረ። ፌዙን ያበረደው ጽሑፉ ብቻ አይመስለኝም፤ ባትሪዎቹ ወጪ ነበራቸው። በዚያው ዓመት ሁለት ተራ ተጓዦች በመኪና አሜሪካን እየዞሩ በዋልማርት መደብሮች ደጅ እያደሩ የሚጽፉት የሚመስል ገጽ ነበር። የመደብሩን ሠራተኞች ደስታ ይተርክ ነበር። ጥቅምት ላይ ቢዝነስ ዊክ የተባለው መጽሔት ጉዞው በዋልማርት ደጋፊ ቡድን ገንዘብ የተከፈለ፣ ቡድኑም ኤደልማን በተባለው የሕዝብ ግንኙነት ኩባንያ የተቋቋመ መሆኑን አወጣ። ኤደልማን በሙያ ማኅበሩ በኩል የግልጽነት ደንብ ሲረቀቅ እጁ የነበረበት ኩባንያ ነው። ኃላፊው ይቅርታ ጠየቀ። ገጹ ሰዋዊ ቋንቋም፣ ፎቶም፣ ቶሎ ቶሎ መጻፍም ነበረው።

ሕግ ሲገባበት

ባለአክሲዮን ያለው ኩባንያ የሚናገረው ነገር የገንዘብ ዋጋ አለው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በ2000 «ሬጉሌሽን ኤፍዲ» የተባለውን ደንብ ያወጣው ኩባንያዎች ቁልፍ መረጃን ለተመረጡ ተንታኞች በጆሯቸው እየነገሩ ሌላውን ባለአክሲዮን በጨለማ ስለሚተዉት ነው። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው በራስ ገጽ መጻፍ ለሁሉም መናገር ነውን የሚል ሆነ። የሰን ማይክሮሲስተምስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጆናታን ሽዋርትዝ በ2006 ይህንኑ ለተቆጣጣሪው ሊቀመንበር ክሪስቶፈር ኮክስ ጽፎ ጠየቀ፤ ኮክስ መልሱን የሰጠው በዚያው በሽዋርትዝ ገጽ ላይ አስተያየት በመጻፍ ነበር። በ2008 መመሪያ ወጣ። በ2012 የኔትፍሊክሱ ሪድ ሄስቲንግስ በፌስቡክ ገጹ የወሩ እይታ ከ1 ቢሊዮን ሰዓት አለፈ ብሎ ሲጽፍ ተቆጣጣሪው ምርመራ ከፈተ። በሚያዝያ 2013 የተደረሰበት መደምደሚያ፣ ኩባንያው የትኛውን ገጽ እንደሚጠቀም ለባለአክሲዮኖች አስቀድሞ እስካሳወቀ ድረስ ማኅበራዊ ሚዲያም ይበቃል የሚል ነው።

ይህ ደረቅ የሕግ ጉዳይ ይመስላል። ለተዓማኒነት ግን ከማንኛውም የአጻጻፍ ጥበብ የበለጠ ሠርቷል፤ በድርጅት ገጽ ላይ የወጣ ሐሰት ከዚያ በኋላ ማፈርን ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤት መቆምንም የሚያስከትል ሆኗልና።

በእኛ አገር

የአገራችን ድርጅቶች ገጽ ላይ አንድ ሳምንት ያሳለፈ ሰው ዜናዎቹን ሳያነብ ሊያውቃቸው ይችላል። የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል፤ ችግኝ ተተክሏል፤ ዋንጫ ተቀብለናል፤ የደንበኞች ቁጥር ከዕቅድ በላይ አድጓል። ሁሉም «ተገለጸ» ነው፤ ማን እንደገለጸው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በዚያው ሰዓት ቅርንጫፉ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» የምትል ብጣሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ ለምን እንደሌለና መቼ እንደሚመለስ የሚነግር ግን የለም። ሁለቱ የአንድ ድርጅት ድምፆች ናቸው፤ ደንበኛው የሚያምነው ወረቀቷን ነው።

ይሁንና ከዚህ ልማድ የወጡ አጋጣሚዎች አሉን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ 8 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አየር መንገዱ በራሱ ገጾች ተራ ቁጥር የተሰጣቸው የአደጋ መግለጫዎችን ከዚያው ጠዋት ጀምሮ ማውጣት ጀመረ። የዋና ሥራ አስፈጻሚው የአቶ ተወልደ ገብረማርያም ፎቶ፣ በተቆፈረው መሬት ላይ ከስብርባሪው መካከል ቆመው የሚታዩበት፣ የወጣው በድርጅቱ ገጽ ነው። በማግሥቱ የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖች ከአደጋው ዕለት ጀምሮ ከበረራ ማገዱን አስታወቀ። ዕገዳው ገንዘብ የሚያስከፍል ነበር፤ የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑ ችግር የለበትም እያለ ነበርና። ባለሥልጣኑ ራሱ ያገደው መጋቢት 4 ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ከአሥር ቀን በኋላ የወጣው ምላሽ ነው። የኒው ዮርክ ታይምስ ዘገባ አብራሪው በአየር መንገዱ የማክስ ሲሙሌተር አልሠለጠነም የሚል ጥያቄ ሲያስነሣ፣ አየር መንገዱ ፓይለቶቹ አምራቹ የጠየቀውን ሥልጠና መውሰዳቸውን ገልጾ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ጨመረ፦ ሲሙሌተሩ የበረራ መቆጣጠሪያውን የኤምካስን ችግር አስመስሎ ለማሳየት አልተሠራም። ይህ ስሜትን የሚያባባ ንግግር አይደለም፤ ቦይንግ «ሐሰት ነው» ብሎ በአንድ ቀን ሊያፈርሰው የሚችል አረፍተ ነገር ነው። ቦይንግ በግንቦት የማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር ጉድለት እንደነበረበትና ማስተካከያ እንዳደረገ ራሱ አስታወቀ። ባላጋራ ሊያፈርሰው እየቻለ ያላፈረሰው፣ ኋላም ያረጋገጠው ቃል የሚያመጣው ተዓማኒነት በአሥር ዓመት ማስታወቂያ አይገኝም።

ታሪኩ በዚያ አለመቆሙም መነገር አለበት። የመጨረሻው የምርመራ ዘገባ በታኅሣሥ 2022 ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት የአብራሪዎቹ አያያዝ በቂ ትኩረት አልተሰጠውም ብለው ሐሳባቸውን በየገጻቸው ለብቻ አወጡ። መርማሪ ተቋም ሳይቀር የራሱን ገጽ የክርክር አደባባይ የሚያደርግበት ዘመን ነው። አየር መንገዱ ስለ አምራቹ የተናገረው እውነት መሆኑ ስለራሱ የተናገረውን ሁሉ እውነት አያደርገውም፤ አንባቢም ሁለቱን ለይቶ የመመዘን መብት አለው።

በሌላ በኩል መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክና በመልእክት መተግበሪያ ሲዛመት አደረ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንና የደንበኞች ሒሳብ እንዳልተነካ ተናገረ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩን ከጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው። የጠፋው ገንዘብ መጠን ግን ቶሎ ስላልተነገረ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚለው ግምት በውጭ መገናኛ ብዙኃን ዓለምን ዞረ። ባንኩ በኋላ የገለጸው 801 ሚሊዮን ብር በጊዜው ምንዛሪ የዚያ ሲሶ ገደማ ነው። ራሱ ባወጣው ቁጥር ቢቀድም ኖሮ የተጠቀመው ራሱ ነበር። ይህ የአርፓንና የሮስኮስ-ኤዎልድሰን ግኝት በቁሙ ነው።

ቀጥሎ የታተመው ዝርዝር የሰዎች ዝርዝር ነበር። ገንዘቡን ያልመለሱ ደንበኞች ስምና ፎቶ ይፋ ወጣ፤ በቅርንጫፎች ደጃፍም ተለጠፈ። ያለአግባብ የተወሰደ የሕዝብ ገንዘብ መመለስ እንዳለበት አልከራከርም፤ ማስፈራራቱም ገንዘብ አስመልሶ ይሆናል። ከተዓማኒነት አንጻር ግን የጊትላብ ዘገባ ተገላቢጦሽ ሆኖ ነው የሚታየኝ። እዚያ የሰው ስም ተሰውሮ እያንዳንዱ የሲስተም ጉድለት ተዘረዘረ፤ እዚህ እያንዳንዱ ሰው ተዘርዝሮ የሲስተሙ ጉድለት በአንድ ጥቅል ቃል ታለፈ። ደንበኛው ማን እንደወሰደ ያውቃል፤ ነገ እንደማይደገም ለማመን የሚያስፈልገው ግን በሩ እንዴት እንደተከፈተ ነበር።

ሁኔታው አሁን የሚለወጥበት አንድ በር ተከፍቷል፤ እርሱም ገበያ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ እያንዳንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ናቸው፤ የገዙት ደግሞ 47,377 ሰዎች። ዝቅተኛው ግዥ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር።

እነዚህ ሰዎች የኩባንያውን ገጽ የሚከፍቱት ከእንግዲህ በደንበኝነት ብቻ አይደለም። የቴሌብር ተጠቃሚዎች ቁጥር ምን ያህል እንዳደገ የሚናገረውን ዜና እንደወትሮው ያልፉት ይሆናል። ኔትወርክ በተቋረጠ ማግሥት የሚወጣው ጽሑፍ ላይ ግን ስንት ሰዓት፣ የት የት፣ በምን ምክንያት፣ ከገቢያችንስ ስንት ጎደለ ብለው መፈለጋቸው አይቀርም።